የአስቴር ዘንቢል

ባለፈው ጥቅምት ለሥራ ይርጋጨፌ ሄጄ ስመለስ፣ ወናጎ ላይ አንዲት ሴትዮ ሚኒባሱ ውስጥ ገባችና ዘንቢሏን እግሬ ሥር አስቀመጠች። አፉ በሲባጎ ታስሯል፤ በሲባጎው መሃል አረንጓዴ የእንሰት ቅጠል ብቅ ብሏል። መኪናው ገና ሳይንቀሳቀስ ሽታው መጣ። ኮምጠጥ ያለ፣ ትንሽ ጭስ ጭስ የሚል፣ የተጋገረ ቆጮ ሽታ። ከኋላ የተቀመጠ ጎረምሳ መስኮት ይከፈትልን አለ። ሴትዮዋ አፈረችና ዘንቢሏን ወደ ራሷ ሳብ አደረገች። ልጇ ዲላ እንደሚማርና ስንቁን ልታደርስለት እንደሆነ ነገረችኝ። እስከ ዲላ ድረስ ዓይኔን ከዘንቢሉ ላይ መንቀል አቃተኝ። ቅናት ነው። ሰው ይህን ያህል ዓመት ቆይቶ በዘንቢል ሽታ እንደገና ይቀናል ብል የሚያምነኝ አይኖርም፤ እኔ ግን ቀናሁ።

ያኔ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነው፤ ሰባተኛ ክፍል ነበርኩ። ቤታችን ዲላ፣ ከመናኸሪያው የሃያ ደቂቃ መንገድ ላይ ነው። የምንኖረው እኔና እናቴ ብቻ ነን። እናቴ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበረች። አባቴ የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ ቤት ከመጣ ግን ዓመት ከመንፈቅ አልፎት ነበር። ሰው ሲጠይቃት እናቴ “የጅቡቲ መስመር ገብቶ ነው” ትላለች። እኔም ለክፍሌ ልጆች ይህንኑ እደግማለሁ። ጅቡቲ ማለት ሾፌር ገብቶ መውጫው የሚጠፋበት ቦታ ይመስለኝ ነበር፤ ስለዚህ አባቴን አልቀየምኩትም፤ የተቀየምኩት ጅቡቲን ነው።

በዚያ ዓመት መስከረም አስቴር መጣች። አባቷ አቶ በራሶ ወርቃ በሚባል የጌዴኦ ገጠር ቡና ያላቸው ገበሬ ናቸው። አባቴ በደህናው ጊዜ ቡናቸውን ሲጭን ተዋውቀው ነበርና፣ ልጃቸው ዲላ ሆና አሥረኛን እንድትማር እናቴን ለመኑ። አሥረኛ ላይ ማትሪክ የሚፈተኑበት ዘመን ነው። እናቴ ሰው ቤቱ ሲገባ ደስ ይላት ነበርና እሺ አለች። የእኔ አልጋ ሰፊ ነው ተባለና ግማሹ ለአስቴር ተሰጠ። ማንም አልጠየቀኝም።

አስቴር አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ድምጿ የማይሰማ ልጅ ነበረች። አማርኛዋ ጥሩ ነው፤ ሲደክማት ብቻ “አንተ” እና “አንቺ” ይቀላቀሉባታል። ስትራመድ ኮቴዋ አይሰማም፣ ሳህን ስታጥብ አታንኳኳም። እናቴ ገና በሁለተኛው ሳምንት “አስቴርን እዪ” ማለት ጀመረች። አስቴርን እዪ፣ ዩኒፎርሟን ራሷ ታጥባለች። አስቴርን እዪ፣ ፊደሏ የታተመ ይመስላል። አስቴርን እዪ፣ አፏን ሞልታ አትናገርም። እኔ እሷን ከማየት ሌላ ሥራ ያለኝ አይመስልም ነበር። አየኋት እንግዲህ። ዓይኔን ሳልነቅል አየኋት፤ አንዲት ጥፋት አገኝባታለሁ ብዬ።

ስንቋ በየሳምንቱ ቅዳሜ ከእነሱ አገር፣ ከጌዴብ በሚመጣ ቅጥቅጥ መኪና ይላካል። ሾፌሩ ጋሽ ሙደሲር የሚባሉ፣ ሆዳቸው ከመሪው ጋር የሚጣላ፣ ቀልደኛ ሰው ናቸው። ዘንቢሎቹ ሁለት ናቸው፤ ሙሉው ሲመጣ ባዶው ይመለሳል። አስቴር ቅዳሜ ጠዋት ማጠናከሪያ ትምህርት ስላላት፣ መናኸሪያ ሄዶ አንዱን ሰጥቶ ሌላውን መቀበል የእኔ ሥራ ሆነ። ሙሉው ውስጥ የተጋገረ ቆጮ፣ እነሱ ዋሳ የሚሉት፣ በእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ አለ፤ አቮካዶ አለ፤ አንዳንዴም በውኃ ፕላስቲክ የተሞላ ማር። ክብደቱ ትከሻዬን ያጎብጠዋል። ለእኔ ግን ከክብደቱ ይልቅ ሲባጎው ነበር የሚያናድደኝ። የአስቴር እናት ሲባጎውን ስታስር ጫፉን እንደ አበባ አድርጋ ነበር የምትቋጨው። ለስንቅ አበባ ምን ያደርጋል እያልኩ ሃያውን ደቂቃ አጉረመርማለሁ።

ባዶውን የምሰጣቸው ቀን ጋሽ ሙደሲር በአንድ እጃቸው ከፍ አድርገው ይመዝኑትና “ባዶ ነው፣ ጎሽ፣ ልጅቷ ደህና ናት” ይላሉ። በምን እንደሚያውቁ ስጠይቃቸው የአገሩን ደንብ ነገሩኝ። ገጠር ያለች እናት ዘንቢሉ ሲመለስላት መጀመሪያ የምታደርገው ማንሳት ነው። ከቀለላት ልጇ በልቷል፣ ጤና ነው። ከከበዳት ግን ሌላ ወሬ አትጠብቅም፤ በማግስቱ ትነሳለች። አንድ ዓመት የአንዲት እናት ልጅ እንዲሁ ሙሉውን ቢመልስ፣ እናትየው በማግስቱ ያንኑ ዘንቢል እንደያዙ መጡ፤ ልጁ ወባ ይዞት ተኝቶ ተገኘ። “ስልክ ይዋሻል” አሉኝ ጋሽ ሙደሲር፣ “በስልክ ሁሉም ሰው ደህና ነው። ዘንቢል ግን አይዋሽም።”

እውነታቸውን ነው። አስቴር በእናቴ ስልክ ሁልጊዜ ሳሎን መሃል ቆማ ነበር ከአባቷ ጋር የምታወራው፤ የምትለውም ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ ብቻ ነው። ውስጡን ለቄስ።

ኅዳር ላይ አስቴርን ጉንፋን ጣላትና ዘንቢሉ ከነግማሽ ስንቁ ተመለሰ። በማግስቱ እሑድ አቶ በራሶ በራችን ላይ ቆሙ። ኅዳር ማለት እዚያ አገር የለቀማ ወር ነው፤ ቡናው ቀይ ሆኖ ዛፉ ላይ እየጠበቀ ገበሬ ከማሳው የሚለይበት ወር አይደለም። እሳቸው ግን ቡናውን ጥለው መጡ። ሁለት ዘንግ ሸንኮራ ይዘዋል። በረንዳው ላይ ተቀምጠው አስቴርን ፊት ለፊታቸው አስቀመጧት፤ ሸንኮራውን በቢላ እየላጡ፣ በጣት በጣት እየቆረጡ፣ እየሰጧት፣ ማኘኳን ያያሉ። ከዚያ እጇን ያዙና ጥፍሯን በምላጭ ቆረጡላት። አሥራ ስድስት ዓመት የሞላት ልጅ! በጌዴኦኛ ነበር የሚያወሩት። አንድ ቃል አይገባኝም፤ ስለዚህ ሁሉንም ቃል እኔ በፈለግሁት ተረጎምኩት። አንዴ ሳቁ፤ ስለ እኔ ነው አልኩ። አንዴ ዝም አሉ፤ ያም ስለ እኔ ነው አልኩ።

ለእኔም ሸንኮራ ሰጡኝ፤ ሳልበላ ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀምጬው ጉንዳን ወረረው። የዚያን ቀን ጥፍሬን አየሁት። የቆረጠልኝ ሰው እንዳልነበረ ትዝ አለኝና በጥርሴ ቆረጥኩት።

ጥር ላይ የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ውጤት መጣ። አስቴር ወርቃ ሳለች ከአንደኛ ወርዳ አታውቅም ነበር። ዲላ ሠላሳ ስምንተኛ ወጣች። ካርዷን ለእናቴ ስታሳይ እኔ ደስታዬን መደበቅ አቅቶኝ ወደ ጓዳ ገባሁ። እናቴ አጽናናቻት፤ ከተማ ነው፣ ትለምጂዋለሽ አለቻት። ክፍሏ ውስጥ ወንዶቹ “ወርቃ” እያሉ እንደሚጠሯት፣ መምህር ጠይቋት ስትመልስ አማርኛዋን እየደገሙ እንደሚስቁ የሰማሁት በኋላ ነው። እሷ አልነገረችንም። እኔም ብሰማው ኖሮ ማልቀሴን እጠራጠራለሁ።

ከዚያ በኋላ አስቴር መቅዳት ጀመረች። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጣ ከመጽሐፍ ወደ ደብተር ትጽፋለች፤ እስክትጠራ አትነሳም። እናቴ እጇን አገጯ ላይ አድርጋ ትደነቅባታለች። አንድ ቀን አስቴር ሳትኖር ደብተሩን ገለጥኩት። አንድ የባዮሎጂ ገጽ ነው። ቀጥሎ ያለውም ያው ገጽ ነው፤ ቀጥሎም ያው። አሥራ አንድ ጊዜ ቆጠርኩ፤ አንዲት ነጥብ አልተለወጠችም። ይኸው ጥፋቷ ተገኘ ብዬ ደብተሩን ይዤ ወደ እናቴ በረርኩ፤ አታነብም፣ እያስመሰለች ነው፣ ወረቀት ታባክናለች አልኩ። እናቴ ደብተሩን አገላበጠችውና “እንዲህ ነው የሚጠና” አለች። “አንቺ አንዴ እንኳ አትደግሚም።”

አንድ ከሰዓት በኋላ አስቴርን በረንዳው ላይ ብቻዋን አገኘኋት። ጸጉሯን ከተሠራች ወር አልፎታል። አጠገቧ ስቀመጥ ሳልጠይቃት ተናገረች።

“ማንበብ አልቻልኩም” አለች። “ጭንቅላቴ ውስጥ ጭስ ገባ። እርጥብ እንጨት ሲነድ ቤት እንደሚሞላው። ፊደሉን አየዋለሁ፤ አይገባም።”

ይህን ለሌላ ሰው የነገረች አይመስለኝም። እኔ ምን አልኳት? እኔንም ያመኛል አልኳት። እሷ ጭስ ካላት እኔም እንዲኖረኝ ፈለግሁ። በማግስቱ ጭንቅላቴ ጭስ ሞላ ብዬ ለእናቴ ነገርኳት፤ ዳማከሴ ጨምቃ አጠጥታ ወደ ትምህርት ቤት ሰደደችኝ። ምሬቱ እስከ እረፍት ሰዓት ከምላሴ አልለቀቀም፤ ለዚያም የወቀስኩት አስቴርን ነው።

ሁዳዴ ገባ። እኛ ኦርቶዶክስ ነን፤ አስቴር ፕሮቴስታንት ናት። እናቴ ስትጾም አስቴርም ምሳ ላይ መቅረብ ተወች፤ ቀጥሎ ቁርሱንም ተወችው። ብዪ ስትባል “አልራበኝም እትዬ” ትላለች። እናቴ ይህን ስታይ እንባዋ መጣ። የሰው ልጅ የእኛን ጾም አክብራ አብራን ስትጾም፣ የእኔ ልጅ ከትምህርት ቤት በር ላይ ብስኩት ትገዛለች አለች። ለጎረቤት ሁሉ አወራች። አስቴር የምትሄድበት ቤተ ክርስቲያን ያሉት ወጣቶች ደግሞ ሊጠይቋት ሲመጡ፣ ለማትሪክ ጾም ጸሎት ይዛለች ብለው አመስግነው ሄዱ። እኛ በእኛ ጾም ቆጠርንላት፤ እነሱ በእነሱ ጾም ቆጠሩላት። ማታ ማታ ከዘንቢሏ ትበላለች ብላ እናቴ ታስብ ነበር፤ ምክንያቱም ዘንቢሉ በየሳምንቱ ይሄዳል፣ ይመጣል። እኔም ያን ሰሞን ከእሷ በላይ ልጹም ብዬ ሞከርኩ። እስከ አራት ሰዓት ቆየሁ።

በመጋቢት አንድ ቅዳሜ አስቴር ዘንቢሉን ራሷ አስራ ሰጠችኝ። ያቺን አበባ የምትመስል ቋጠሮ ልትሠራ ሞክራ አልሆነላትም። ሳነሳው ከበደኝ። ለምን እንደከበደ ስጠይቃት ቋጠሮውን እንደገና አጠበቀችው።

“ይድረስ ብቻ” አለች።

መንገድ ላይ ፈታሁት። ቆጮው ሳይነካ ደርቋል፤ አቮካዶው ጠቁሮ ለስልሷል። የሳምንቱ ስንቅ በሙሉ እንዳለ ነው። ገባኝ። አባቷን እየጠራች ነው። ኅዳር ላይ ሸንኮራ የላጡላትን፣ ጥፍሯን የቆረጡላትን ሰውዬ እንደገና ልታስመጣ ነው፤ ያውም በአንድ ዘንቢል። እኔ አባቴን ለማስመጣት የምልከው ነገር አልነበረኝም። ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይባላል፤ ዘንቢሉ ግን በእኔ እጅ ነበር።

መናኸሪያው አጠገብ በቆሎ የሚጠብሱ አንዲት አሮጊት አሉ። ቆጮውን አውጥቼ ሰጠኋቸው። አቮካዶውን ደህና ደህናውን ራሴ በላሁ፤ የተበላሸውን ቦይ ውስጥ ጣልኩ። አሮጊቷ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው መረቁኝ፤ ልጅ ውለጂ፣ እናትሽን ጡሪ አሉኝ። አሜን አልኩ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ የተራበ እንዳበላሁ ሆኖ ተሰማኝ። ጋሽ ሙደሲር ባዶውን ዘንቢል ከፍ አድርገው መዘኑና “ጎሽ” አሉ።

በማግስቱ እሑድ አስቴር ታጠበች። ጸጉሯን አበጠረች፤ ንጹሕ ቀሚስ ለበሰችና በራችን ላይ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። እዚያ ሆኖ መንገዱ እስከ ታች ይታያል። ባጃጅ በቆመ ቁጥር ቀና ትላለች። እናቴ ፈገግ አለችና የምትጠብቀው አንድ ልጅ ሳይኖር አይቀርም አለች። እኔ በመስኮት እያየኋት ነበር። ማንን እንደምትጠብቅ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ፤ እንደማይመጣም የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ደስ አለኝ። ይህን ማለት ያሳፍራል፤ ግን ደስ ነው ያለኝ። በር ላይ ተቀምጦ መንገድ ማየት ምን እንደሆነ አሁን እሷም ታውቀዋለች አልኩ።

ሁለተኛው ቅዳሜ ዘንቢሉ እንደገና ከበደ። እንደገና ለአሮጊቷ። እሑድ አስቴር ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች። በሦስተኛው ሳምንት ሳትበጠር ተቀመጠች። በአራተኛው ሳምንት ዘንቢሉን ሰጠችኝ እንጂ እሑድ ከአልጋ አልወጣችም። ግድግዳውን አይታ ተኛች። የአልጋው ግማሽ የእኔ ስለሆነ አጠገቧ ተጋደምኩ፤ ጀርባዋ ላይ አጥንቶቿ አንድ በአንድ ይታዩ ነበር። ያን ጊዜ ትንሽ ፈራሁ። ፍርሃቴን ግን ለእናቴ አልነገርኩም፤ ብነግራት እንደገና እሷን ልታቅፍ ነው ብዬ።

ፋሲካ ደረሰ። እናቴ ዶሮውን ስትሠራ አስቴር ተደግፋ ተነስታ መጣችና ሽንኩርት ልትልጥ ተቀመጠች፤ አንዱን ሽንኩርት ይዛ ሌሎቹ እስኪያልቁ ድረስ ቆየች። ጠዋት ማዕዱ ቀረበ። እናቴ የመጀመሪያውን ጉርሻ ጠቀለለች። ለእኔ ነው ብዬ አፌን ልከፍት ስል እጇ ወደ አስቴር ዞረ። ሃምሳ አምስት ቀን ለጾመች ይገባታል አለች። አስቴር አፏን ከፍታ ተቀበለች። አላኘከችም። ጉንጯ እንደተነፋ ቆየች፤ ከዚያ እንባዋ ወረደ፤ ጉርሻውን መዳፏ ላይ መለሰችው።

“ልጄ፣ ጾሙ እኮ ተፈቷል” አለች እናቴ።

“ጾም አልነበረም፣ እትዬ” አለች አስቴር። “መብላት አልቻልኩም ነው። መተኛትም አልቻልኩም። መኖርም ደከመኝ።”

እናቴ የያዘችውን እንጀራ አስቀመጠች። የዶሮው ወጥ ሳይነካ በረደ። እናቴ ያን ቀን ከአስቴር አጠገብ አልተነሳችም፤ በአንድ እጇ ጭንቅላቷን ደረቷ ላይ ይዛ በሌላው ወደ ወርቃ ደወለች። መስመሩ እየተቋረጠ አራት ጊዜ ሞከረች። እኔ ጓዳ በር ላይ ቆሜ ነበር። የሚያየኝ ሰው አልነበረም።

አቶ በራሶ በማግስቱ ረፋድ ላይ ደረሱ። ሰው ሁሉ ምክር ነበረው። ጎረቤታችን ጸበል አሉ፤ ከአስቴር ቤተ ክርስቲያን የመጡት ጸሎት አሉ። አቶ በራሶ ሁሉንም አዳመጡና ጸሎቱም ይሁን፣ ጸበሉም ይሁን፣ መጀመሪያ ግን ሆስፒታል ብለው ልጃቸውን ባጃጅ ላይ አሳፈሩ። እናቴ አብራ ሄደች። ሆስፒታል ውስጥ ሰው ዘመድ እንዳያየው ቶሎ ብሎ የሚያልፈው አንድ የአእምሮ ሕክምና በር አለ፤ በዚያ በር ገቡ። አሥር ሰዓት ግድም ሲመለሱ እናቴ ለጎረቤቷ በሹክሹክታ ስትነግራት ሰማኋት። ድብርት የሚባል በሽታ ነው፣ የሚድን ነው፣ መድኃኒት ጀምራለች፣ ብቻዋን እንዳንተዋት ብለዋል አለች። ድብርት ለእኔ ክረምት ሲሆንና ጓደኛ ሲጠፋ የሚመጣ ነገር ነበር። በዚህ ሰው ሆስፒታል ይገባል እንዴ ብዬ ተገረምኩ።

አስቴርን አልጋዋ ላይ አጋደሟት። አባቷ በርጩማ ስበው ራስጌዋ ተቀመጡ፤ እናቴ እግርጌ፤ እኔ በሩን ተደግፌ ቆምኩ። አቶ በራሶ ለእኛ ብለው በአማርኛ ተናገሩ።

“እትዬ፣ አንድ ነገር አልገባኝም” አሉ። “ሐኪሙ ከበላች ወር አልፏል አለኝ። ዘንቢሉ ግን ባዶ ነበር የሚመጣው። እናቷ ታነሳለች፣ ቀላል ነው። ደስ ይለናል።”

አስቴር ከትራሱ ቀና አለች።

“ባዶ?” አለች።

“ባዶ፣ በየሳምንቱ።”

“አራት ጊዜ ሞልቼ ላክሁ” አለች። “አራቱንም እሑድ ጠበቅሁ። አይተህ የቀረህ መስሎኝ ነው። ሠላሳ ስምንተኛ ወጣሁ፣ ደብተር ገዝተህ ልከኸኝ ወደቅሁ፣ አፍሮብኛል አልኩ። እኔ…”

አልጨረሰችውም። እናቴ ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረች። ዘንቢሉን የሚያመላልስ ከእኔ ሌላ ሰው የለም። በጋሽ ሙደሲር ላይ ላሳብብ አስቤ ነበር፤ ቃሉ አፌ ውስጥ ደርሶ ነበር። ግን አስቴር አየችኝ፤ ከዚያ በኋላ መዋሸት አልቻልኩም።

“እኔ ነኝ” አልኩ። “መንገድ ላይ ገልብጬው ነው።”

እናቴ እጇን አፏ ላይ አደረገች። አቶ በራሶ ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር። ለምን እንዳደረግሁት ብቻ ጠየቁኝ።

“እርስዎ እንዳይመጡ” አልኳቸው። “እሷ ስትጠራዎ ይመጣሉ። ለቀማ ጥለው ይመጣሉ።”

ከዚያ የሆነውን እስከ ዛሬ አልረሳውም። አስቴር አልተቆጣችኝም፤ ጭራሽ የሰማችኝም አይመስለኝም። ፊቷ ተለወጠ። “አላየህም ነበር ማለት ነው” አለች ለአባቷ፤ ከዚያ በጌዴኦኛ ደገመችው፤ እንደገና ደገመችው። እሳቸውም ጭንቅላቷን አቅፈው ያንኑ ቃል ይመልሱላታል። አንድ ቃል የማላውቅበት ቋንቋ ያን ቀን ገባኝ። አልተተወችም ነበር። የእኔ ጥፋት ለእሷ የምሥራች ሆነ። እዚያው በሩ ላይ፣ ያን ያህል በድዬአት ቆሜ፣ እንደገና ቀናሁ። ከዚያ በፊት ከቀናሁት ሁሉ የባሰ ነበር። ጅቡቲ ላለው አባቴም ዘንቢል ልኬ መንገድ ላይ የገለበጠብኝ ክፉ ልጅ ቢኖር፣ እኔም አላየም ነበር ብዬ እንደዚያ ባለቅስ ብዬ ተመኘሁ።

አቶ በራሶ ልጃቸውን እንዳቀፉ ቀና ብለው አዩኝ። አስተያየታቸው የቁጣ አልነበረም። ከእኔ ዓይናቸውን ወደ እናቴ መለሱ።

“ይቺ ልጅ፣ አባቷ መቼ ነው የሚመጣው?” አሉ።

ይህን ጥያቄ እናቴ ስንት ጊዜ ተጠይቃለች። መልሱን እኔም በቃሌ አውቀዋለሁ። አፏን ከፈተች፤ አስቴርን አየች፤ እኔን አየች።

“አይመጣም” አለች። “ሌላ ቤት ይዟል፣ አቶ በራሶ። አይመጣም።”

በሩ ሥር ተቀመጥኩ። ያለቀስኩት በድምፅ ነበር፤ ማንም ዝም በይ አላለኝም። ትንሽ ቆይቶ ከአልጋው በኩል አንድ ቀጭን እጅ ተዘርግቶ ትከሻዬን ነካኝ። አስቴር ነበረች፤ ስለ እሷ የማለቅስ መስሏታል።

“ተወው፣ አታልቅስ” አለችኝ፤ ደክሟት ነበርና። “ይቅር ብያለሁ።”

አይደለም አላልኳትም።